ሰባት ዛላ የጓያ እሸት

ረመዳን በየዓመቱ አሥር አሥራ አንድ ቀን እየቀደመ፣ ቅጠል የሚረግፍበትን ወቅት አልፎ፣ ረጅሙን የሰመር ቀን አልፎ፣ ጸደዩንም አልፎ እንደገና ከበረዶው ጋር ተገናኘ። ዙሩን ለመጨረስ ሠላሳ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ይህን ቁጭ ብዬ ቆጥሬ አይደለም ያወቅኩት። ባለፈው ቅዳሜ ቴምር ልገዛ እዚህ ቶሮንቶ ፓርላመንት ጎዳና ላይ ካለው የአትክልት መደብር ገባሁ። ከበሩ አጠገብ በካርቶን የተቆለለ የአተር እሸት አየሁና ሳላስበው አንዱን ዛላ በጣቴ ቀጭ አደረግኩት። ሽታው ወጣ። እርጥብ፣ ለጋ፣ ጥሬ ጥሬ የሚል ሽታ። ጫማዬ ላይ በረዶ አለ፣ አፌ ጾመኛ ነው፣ እጄ ላይ እሸት ይዣለሁ። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ የተገጣጠሙበት ቀን በሕይወቴ ከዚያ በፊት አንድ ብቻ ነበር። ያን ቀን አንድ ጥፋት አጠፋሁ፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ደግሞ ጥፋቱን ለመሸፈን እህቴን ዋሸኋት። እህቴ ዘይነብ ካለፈች ስምንት ወር ሆናት፣ አላህ ይዘንላት። እውነቱን ሳልነግራት ነው የሞተችው። እኔ የተማርኩት እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፤ መጻፍ የእሷ ሥራ ነበር። ቃል ሲያጥረኝ ታገሡኝ።

ያኔ ሁለታችን ሴንት ጄምስ ታውን አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ነበረን። መኝታ ክፍሉ የእሷ፣ ሶፋው የእኔ። ዛሬም እዚያው ቤት ነኝ፣ ሶፋው ብቻ ተቀይሯል። የሰብዌይ ቶክን፣ ያቺ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል የባቡር መሳፈሪያ ሳንቲም፣ ሁለት ዶላር ነበረች። እህቴ ግን ዩኒቨርሲቲው ድረስ በእግሯ ነበር የምትሄደው። ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በአሥራ ሁለት ዶላር የገዛችው ቡናማ ካፖርት ነበራት፤ ትከሻው ለወንድ የተሰፋ፣ ኪሱ ጥልቅ። ከዚያ ኪስ የማይወጣ ነገር አልነበረም። የዘር ፖስታ፣ እርሳስ፣ ግማሹ የተበላ ብስኩት፣ ቀይ የሱፍ ክር። ነጭ ሻርፕ ራሷ ላይ ጠምጥማ ብሉርና ሸርቦርን ጎዳናዎች መገናኛ ላይ መብራት ስትጠብቅ፣ ከሩቅ በካፖርቱ ትከሻ አውቃት ነበር። እሁድ እሁድ ከወሎ የመጣ የመንዙማ ካሴት እናዳምጣለን። ክሩ ስላረጀ ድምፁ በመሐል ይሰጥምና መልሶ ይወጣል። አሁን ያው መንዙማ ጥርት ብሎ ስልኬ ውስጥ አለ። እኔ ግን ጆሮዬ የሚጠብቀው ያን የሚሰጥመውን ነው፤ ጥርት ያለው ሲመጣ የጎደለ ነገር ያለ ይመስለኛል።

እኔ የመነጽር መስታወት በሚሞረድበት ወርክሾፕ እሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ ውሃ የሚንጠባጠብበት ክብ ሞረድ ፊት ቆሜ፣ ማታ ስመለስ ጥፍሬ ሥር ነጭ ጭቃ ይዤ ነው። እሷ ደግሞ ጓያ ታጠና ነበር። ሌሎች አበሾች ሲጠይቋት፣ ጓያ ነው የማጠናው ስትል ይስቃሉ። ቶሮንቶ ድረስ መጥተሽ ጓያ? ይሏታል። አንድ የሰፈራችን ሰው፣ አገር ቤት ጓያ የሚሸሸውን ሰው ሁሉ አልፈሽ ጓያውን ተከትለሽ መጣሽ ወይ ብሏት እኔም አብሬ ስቄ ነበር።

እሷ አልሳቀችም። የአባታችን ወንድም አጎቴ ሰይድ በዚያ ክፉ የድርቅ ዘመን ጓያ የሰበራቸው ሰው ናቸው። ዝናቡ ቀርቶ ጤፉም ማሽላውም እንዳልነበረ ሲሆን ጓያ ብቻ ቆሞ ቀረ፤ ውሃ ሳያይ የሚያፈራ ተክል ነው። ሰዎች ጓያ በልተው ተረፉ። ወር ከወር ሲበሉት ግን እግር ያዘ። አጎቴ ሰይድ ከዚያ በኋላ በሁለት ዱላ ነበር የሚሄዱት፤ ጉልበታቸው እንደ መቀስ ይጠላለፋል። እኔ ሳውቃቸው ዱላ ይዘው ነው። እሷ ግን ትልቅ ስለሆነች ከዱላው በፊት ታውቃቸዋለች። ትከሻቸው ላይ ተሸክመዋት ወንዝ ሲሻገሩ፣ ለሠርግ ሲጨፍሩ ታስታውሳለች። ስለዚህ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ድርቅ ሲመጣ ሰውን የሚያተርፍ፣ እግሩንም የሚተውለት ጓያ። መርዙ የሚሠራበትን ቦታ በዘሩ ውስጥ ፈልጋ፣ አንዱን ጓያ ከሌላው እያዳቀለች፣ እያየች፣ እየመዘነች። ሌላውን ነገር እንዳስረዳችኝ አላስረዳም፤ ግማሹን ረስቼዋለሁ፣ ግማሹ ያኔም አልገባኝም።

አንድ ቅዳሜ ወደ ላቡ፣ ወደ ቤተ ሙከራዋ፣ ወሰደችኝ። መጋረጃው የተዘጋ ክፍል ውስጥ ሌዘር ያለው ትልቅ ማይክሮስኮፕ አለ። የጓያ ሥር፣ ከፀጉር የቀጠነ ቁራጭ፣ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ሴሎቹ በረድፍ በረድፍ፣ እንደ ሌሊት ከተማ ሕንጻ፣ መስኮቶቻቸው ሁሉ በርተው። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር አይቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። ነገር ግን ከላይ በግራ በኩል ምስሉ ብዥ ይላል። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚህ ተጨንቀው ነበር። ተክሉ ታሞ ነው ይላል አንዱ፣ አቆራረጡ ነው ይላል ሌላው። እኔ ሳልጠየቅ፣ ቁራጩን አዙሪው አልኳት። አዞረችው። ምስሉ ዞረ፣ ብዥታው እዚያው ግራው ላይ ቀረ። ይህ የተክሉ አይደለም፣ የመስታወቱ ነው አልኳት። ወርክሾፕ ውስጥ በየቀኑ የምናደርገው ነገር ነው፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ አንዱን ታዞራለህ። ሌንሱ ጫፍ ላይ የደረቀ ዘይት ነበር። ትንፋሼን እፍ ብዬበት በጥጥ ከመሐል ወደ ዳር ጠረግኩት። ብዥታው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ላቡ ውስጥ ለሚያልፈው ሁሉ፣ ወንድሜ የብርሃን ሐኪም ነው ትል ነበር። ማንም እንደዚያ ብሎኝ አያውቅም።

ያን ስላደረግኩ ይመስለኛል ያመነችኝ። በዚያ ክረምት፣ ረመዳን ከገባ በኋላ፣ ለስብሰባ ወደ ምዕራብ ለአንድ ሳምንት ስትሄድ ግሪንሃውሱን ለእኔ ተወችልኝ። ሕንጻው ጣሪያ ላይ ያለ የመስታወት ቤት ነው። ውጭው በረዶ፣ ውስጡ ጥቅምት። ጣሪያው ላይ በረዶ ሲቆለል ብርሃኑ እንደ ወተት ሆኖ ይወርዳል፤ ከሥሩ ጓያው አበባው ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ሐምራዊ ሆኖ፣ ማሰሮው ሁሉ ቁጥር ተለጥፎበት ይታያል። አንደኛው ማሰሮ ላይ ቀይ ክር ታስሮ ነበር። እሱን ከሁሉ በላይ ጠብቅልኝ ብላኛለች። ዘጠኝ ዛላ ነበረው። ከሦስት ዓመት ልፋት በኋላ መርዙ እንደሚያንስ የጠረጠረችበት የመጀመሪያው ተክል ነው። ዛላዎቹ ሲደርቁ ግማሹ ዘር ይመረመራል፣ ግማሹ ይዘራል።

በአራተኛው ቀን ከሥራ በኋላ መጣሁ። ጾመኛ ነበርኩ፣ ደክሞኛል፣ ከብርዱ ወደ ሙቀቱ ስገባ ሰውነቴ ሁሉ ለሰስ አለ። ውሃ እያጠጣሁ ነው። እንዴት እንደሆነ በትክክል ልነግራችሁ አልችልም። ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ በእሸት ማሳ ዳር ስታልፍ እጅህ ከአንተ ጋር አይማከርም። ቀጭ ያደርጋል፣ በአውራ ጣት ይፈለቅቃል፣ አፍ ውስጥ ይጥላል። እኔም የሆነ ማሳ ዳር ነበርኩ። ከፊቴ አጎቴ ሰይድ ያለ ዱላ ሲሄዱ አያቸዋለሁ፣ ያላየሁትን ነገር። ምላሴ ላይ ጣፋጭ ነበር። ከዚያ ቧንቧው ሥር የተውኩት የውሃ ማጠጫ ሞልቶ ጫማዬ ላይ ፈሰሰና ነቃሁ። እጄ ላይ የተፈለቀቀ ዛላ አለ፤ እግሬ ሥር ስድስት። ቀይ ክር።

ረስቶ የበላ ሰው ጾሙ አይፈርስም፤ ያበላው አላህ ነው ይባላል። እዚያው ቆሜ ይህን አሰብኩ። ጾሜ አልፈረሰም። የእህቴ ሦስት ዓመት ግን ሆዴ ውስጥ ገብቷል። ልጣጩን ሰብስቤ ኪሴ ከተትኩ፣ ሸርቦርን ላይ ካለው የቆሻሻ በርሜል ጣልኩት።

ስትመለስ በቀጥታ ወደ ማሰሮው ሄደች። እኔ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። ዞር ሳትል፣ ምን አገኘው ኑርዬ አለችኝ። ልነግራት ነበር። በአላህ እላችኋለሁ፣ አፌን ከፍቼ ነበር። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ደጅ ዛፍ ላይ የሚዘለው ስኩዊረል ይሆናል። ብርድ ሸሽቶ ገብቶ አይቼዋለሁ።»

ያኔ ዞረች። ፊቴን ብዙ አየችው። ከዚያ አይኗን ወደ እግሬ አወረደች፣ ጫማዬን፣ ጉልበቴን አየች።

«ጉድ ነው» አለች። «የፈረንጅ ስኩዊረል ጓያ መብላት ጀመረ በለኛ።»

ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። በሳምንቱ ማሰሮዎቹ ላይ ሁሉ የሽቦ መረብ ተደረገ። ከቀሩት ሁለት ዛላዎች አምስት ፍሬ ተገኘ። አምስት ፍሬ ለምርመራም ለመዝራትም አይበቃም፤ ሳትመረምር ሁሉንም ዘራቻቸው፣ አንድ ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰች። እኔ ግን በዚያ ዓመት እሷ ሲመሻት፣ አይኗ ሲቀላ ባየሁ ቁጥር ልናገር እልና የስኩዊረሉ ቀልድ ይቀድመኛል። ቀልዱ አደገ። እንግዳ ሲመጣ ይወራል፣ አዲስ ተማሪ ሲመጣ ይወራል። ቀልድ የሆነ ውሸትን ማንሳት እንዴት እንደሚከብድ የዋሸ ያውቃል።

በዚያው ሳምንት ሌላም ነገር ጀመረች። ኤሌቬተሩን እንተወው አለችኝ። ላቡ ውስጥ ተቀምጬ ተቀምጬ ወፈርኩ፣ ከእንግዲህ በደረጃ ነው። ወፍራም አልነበረችም፤ ካፖርቱ ነው ወፍራም። አሥራ አራት ፎቅ። እኔ ቀን ሙሉ ቆሜ ውዬ ሌላ አሥራ አራት ፎቅ! አጉረመረምኩ። እሷም፣ የብርሃን ሐኪም እግር የለውም እንዴ፣ ቅደም እያለች ከኋላዬ ትከተላለች። ሁልጊዜ ከኋላ ነበረች። ደክሟት መስሎኝ፣ እየቀደምኩ ከላይ አሾፍባታለሁ። ደረጃው የተለያየ ቤት ወጥ ይሸታል፤ በሦስተኛው ፎቅ ዓሣ፣ በሰባተኛው ካሪ፣ በአሥራ አንደኛው አንድ ሰው ሁልጊዜ ሽንኩርት እያቃጠለ። ያን ክረምት ያለ ምንም ምክንያት አዲስ ቡት ገዛችልኝ፣ ጥሩ ቆዳ፣ ለራሷ ካፖርት ሳትቀይር። በየቀኑ ከላቡ ኮል ታደርግና፣ ጉልበትህ እንዴት ነው ትለኛለች። ምን ይሆናል ብዬ እስቃለሁ።

ከዚያ ዓመታቱ ሄዱ። ትዳር ይዛ ወደ ስካርቦሮ ሄደች፣ ላቡን ግን አልለቀቀችም። እሁድ እሁድ ወደ እኔ ስትመጣ በደረጃው ነው የምንወጣው፤ ልማድ ሆኖ ቀረ። ቶክኑ ቀረ፣ በካርድ ተተካ። ወርክሾፑ ተዘጋ፣ እኔም ሌላ ሥራ ያዝኩ። በመጨረሻዎቹ ዓመታት ዘጠነኛው ፎቅ ላይ፣ መስኮቱ ጋ፣ ቆም ትል ጀመር። ደረቷን ይዛ ከተማውን የምታይ ትመስላለች። ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ ሎቢው ውስጥ፣ ዛሬ ኤሌቬተሩ ይሁን ወንድምዓለም አለችኝ። አብረን ገባን። በሩ ሲዘጋ እጄን ያዘችኝ። ያን ጊዜ መንገር ነበረብኝ። አሥራ አራት ፎቅ ሙሉ ጊዜ ነበረኝ፣ ምን የምታክል ጊዜ ናት ትሉ ይሆናል እንጂ።

እንግዲህ እሸቱን ባሸተትኩ በሦስተኛው ቀን ሊን የምትባል ልጅ ደወለችልኝ። የዘይነብ ተማሪ ነበረች፣ አሁን ግሪንሃውሱን የምትይዘው እሷ ናት። የእህትዎን ደብተሮች ወደ ማኅደር ልናስገባ ነው፣ አንደኛው ውስጥ በእናንተ ፊደል የተጻፈ ገጽ አለ፣ የማንኛው ተክል መረጃ እንደሆነ ማወቅ አልቻልንም፣ ይነግሩን እንደሆነ አለችኝ። ሄድኩ። ጣሪያው ላይ እንደዚያው በረዶ ተቆልሏል። ብርሃኑ እንደዚያው ወተት ነው። ማሰሮዎቹ ላይ የሽቦ መረቡ አለ። ሊን ሳልጠይቃት ስለ ስኩዊረሉ ልትነግረኝ ጀመረች፤ ለአዲስ ተማሪ ሁሉ የምታወራው ታሪክ ነው፣ የዘይነብ መረብ ነው የሚሉት። አውቀዋለሁ አልኳት።

ደብተሩን ከፈተችልኝ። ሌላው ገጽ ሁሉ እንግሊዝኛ ነው፣ ቁጥር ነው። በጀርባው በኩል ግን የእህቴ እጅ ጽሑፍ፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ አማርኛ። ሊን ጣቷን ረድፉ ላይ አድርጋ፣ ይህ አሥራ አራት ቁጥር በየቀኑ ይደጋገማል፣ ቀጥሎ ደቂቃ ይመስላል፣ የትኛው ዝርያ ነው አለችኝ።

አነበብኩት። መጀመሪያው ላይ እንዲህ ይላል። ሰባት ዛላ በልቷል። ሰባት ዛላ ሰው እንደማይሰብር አውቃለሁ፤ ለወራት መበላት አለበት። አውቃለሁ። ግን አጎቴ ሰይድም የጀመሩት ከአንድ እፍኝ ነው። እስኪነግረኝ አልጠይቀውም፣ ያፍራል። ከዚያ ረድፉ። ሰኞ፣ አሥራ አራት ፎቅ፣ አራት ደቂቃ ተኩል፣ አልቆመም። ማክሰኞ፣ አምስት ደቂቃ፣ ደክሞታል፣ ጉልበቱ ደህና። ሐሙስ፣ ግራ እግሩን ጎተተ። ዓርብ፣ ጫማው እንደሆነ አየሁ፣ ቡት ገዛሁለት። እንዲህ እያለ አራት ገጽ። መጨረሻው ላይ፣ ዛሬ ሮጦ ቀድሞኝ ከላይ ሳቀብኝ፣ ኑርዬ ደህና ነው፣ ከእንግዲህ አልጽፍም ይላል።

ሊን እየጠበቀችኝ ነው። ደግሞ አንድ ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ቀላል ነው፤ የድሮ ማስታወሻ ነው፣ የቤት ነገር ነው ማለት ብቻ ነው። መረቡም እዚያው ይቆያል፣ ታሪኩም ያስቃል።

«ይህ ተክል አይደለም» አልኳት። «እኔ ነኝ።»

አልገባትም። መስታወቱን ተደግፌ ሁሉንም ነገርኳት፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ፣ ስለ ጾሙ፣ ስለ እጄ፣ ስለ ቆሻሻው በርሜል። ስኩዊረል አልነበረም። የላቡ መዝገብ ላይ ስኩዊረል ተብሎ የተጻፈው ስሕተት ነው፣ አርሙት አልኳት። ሊን ደብተሩን አየች፣ እግሬን አየች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፣ ሳቁ መሐል ላይ ድምፅዋ ተሰበረና በእጇ ጀርባ ፊቷን ጠረገች። ሄዳ ከአንዱ ማሰሮ ላይ መረቡን አነሳች። ነጭ አበባ ያለው ጓያ ነው፣ አንገቱ ላይ ቀይ ክር። እነዚህ ከተረፉት ሁለት ዛላዎች የመጡ ናቸው አለችኝ፤ የልጅ ልጅ ልጆቻቸው። ተመርምረዋል፣ መርዙ ከምንም የማይቆጠር ነው። አንድ ዛላ ቀጭ አድርጋ ሰጠችኝ። ጾመኛ ነኝ አልኳት። ይያዙት አለችኝ። ኪሴ ከተትኩት።

ቤት ስደርስ ፀሐይ ልትገባ ደርሳ ነበር። ኤሌቬተሩ በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ አልፌው ደረጃውን ያዝኩ። አሁን አራት ደቂቃ ተኩል የለም፣ የሃምሳ ምናምን ዓመት ሰው ነኝ። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አሁንም ዓሣ አለ። ዘጠነኛው ፎቅ ላይ መስኮቱ ጋ ቆምኩ፣ እሷ በምትቆምበት። ከተማው መስኮቱ በየረድፉ መብራት ጀምሯል፣ ያኔ ማይክሮስኮፑ ውስጥ እንዳየሁት የጓያ ሥር። ኪሴ ውስጥ ስልኬ አዛን አለ። ቢስሚላህ ብዬ ዛላውን ፈለቀቅኩት። አራት ፍሬ ነበር። በዝግታ በላሁት፣ አንድ በአንድ፣ የማን እንደሆነ እያወቅኩ። ጣዕሙ ያው ነው።

አምስት ፎቅ ቀርቶኝ ነበር። ከኋላዬ እግሬን የሚያይ ሰው የለም። ቢሆንም ቀጥ አድርጌ እየረገጥኩ ወጣሁ።